ያላመመኝ ጉዳት

ይህን የምጽፈው በድምፃቸው እንጀራ ለሚበሉ ወጣቶችና «ግድ የለም፣ ዛሬን ብቻ ቻይው» ለሚሏቸው ወዳጆቻቸው ነው። ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ውስጥ፣ ላቪንግተን በሚባለው ሰፈር፣ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም አልጠራም፤ የሆነውን ግን እንደሆነው፣ በተራው እናገራለሁ።

ናይሮቢ የገባሁት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። 19 ዓመቴ ነበር። አክስቴ ከጄምስ ጊቹሩ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ወሩ ጃካራንዳ የሚያብብበት ስለሆነ መንገዱ በሐምራዊ አበባ ተሸፍኖ ነበር። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ረጃጅም አጥር፣ ዘበኛ፣ በየመሐሉ አዳዲስ ፎቅ። በምዕራብ በኩል ጥቂት ሲራመዱ ግን ካዋንግዋሬ ነው፤ ጎረቤታሞቹ ሰፈሮች በኑሮ አይገናኙም። በመጀመሪያው ቅዳሜ አክስቴ ቡና እያፈላች፣ ከ100 ዓመት በፊት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እዚሁ አካባቢ፣ በቅዱስ ኦስቲን ሚሲዮን፣ በኬንያ ቀደምት ከሚባሉት የቡና እርሻዎች አንዱን እንደተከሉ ነገረችኝ። «ቡናችን ቀድሞን መጥቶ ነው የጠበቀን» አለች። ያን ቀን አገሩ ትንሽ ቀረበኝ።

መዝፈን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ትወናውን ያገኘሁት ግን እዚህ ነው። ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን ስርጭቷን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል አሻግራ ጣቢያዎች በዝተው ነበር፤ ጣቢያ ሲበዛ ድራማ ይፈለጋል፣ ድራማ ሲበዛ አዲስ ፊት ይፈለጋል። መዝፈንና መተወንን አንድ ላይ መያዝም በዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። ሳናይፔይ ታንዴ በ2004 እ.ኤ.አ. ከአንድ የዘፈን ውድድር ወጥታ ነው በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ የታወቀችው። ዘፋኟ አቭሪል በ2009 እ.ኤ.አ. በጀመረው «ሹጋ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ተውናለች፤ በኋላ ኦስካር የወሰደችው ሉፒታ ኒዮንጎም እዚያው ነበረች። እናቴ በስልክ «ዘፈን ይሻልሻል ወይስ ድራማ?» ስትለኝ አባባ ተስፋዬን አነሳሁላት። ተስፋዬ ሳህሉ ለብዙ ዓመት በቴሌቪዥን ተረት ከማውራታቸው በፊት የመድረክ ተዋናይም ሙዚቀኛም ነበሩ፤ ተዋናይት በጠፋበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሳይቀር ተጫውተዋል። እናቴ በእሳቸው ተረት ያደገች ናት፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም።

የመጀመሪያው ሥራዬ በ2009 ዓ.ም. ነበር፤ አስተናጋጅ ሆኜ አራት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። በ2010 መጀመሪያ ላይ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ የኢትዮጵያዊት ጎረቤት ገጸ ባሕርይ አገኘሁ። ስዋሂሊዬ የአማርኛ ወዝ ነበረው፤ የፈለጉትም እሱን ነው። ቀረጻው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነበር። አርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ በሐበሻ ምግብ ቤቶች እዘፍን ነበር፤ ሠርግ ሲኖር እሁድንም። ከኪቦርድ ጋር ነው የምሠራው። ኪቦርዱን የሚጫወቱት ስልሳዎቹን የተሻገሩ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በሌሊት ባንዶች ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ስምምነታቸውን አሥመራ ላይ ሲፈራረሙ ናይሮቢ ያለው ሐበሻ ሁሉ ደስታውን የሚያወጣበት አጣ። ለ20 ዓመት በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ለየብቻ ጠረጴዛ ሲይዙ የኖሩ ሰዎች አብረው መቀመጥ ጀመሩ። የትግርኛ ዘፈኖች በፍጥነት አጠናሁ። በሳምንት ሁለት ማታ የነበረው ሥራዬ አራት ሆነ፤ አንዳንዴም አምስት። በዚያ ደስታ መካከል «ዛሬ ደክሞኛል» ማለት ነውር ይመስል ነበር። አሁንም ያን ወቅት በክፉ አላነሳውም። ከዘፈንኩባቸው ጊዜያት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሐምሌ በናይሮቢ ብርድ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ብዙም አትወጣም፤ ቤቱ ማሞቂያ የለው፣ ማታ ማታ የከሰል ጭስ ይታፈናል። ጠዋት ስነሳ ድምፄ ዘግቶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ሲቆይ ይከፈት ነበር፤ በነሐሴ ውስጥ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት መዘጋት ጀመረ። ከላይ ያሉት ድምፆች በቀስታ አልወጣ አሉኝ። ጮክ ብዬ ስገፋቸው ግን ይወጣሉ፤ እኔም ገፋኋቸው። ጉሮሮዬን መጠራረግ ልማድ ሆነብኝ። ማታቱ በሚሉት በ46 ቁጥር የሕዝብ ሚኒባስ ስሳፈር ደግሞ፣ ሙዚቃው ወንበሩን እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ስለሚጮህ፣ ለስልክ ሳይሆን ለሸንተረር ማዶ ሰው እንደምናገር ሆኜ እጮኻለሁ። ሰው በጫጫታ መሐል ሳያውቀው ድምፁን እንደሚያነሳ ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ነበሩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አየኋቸው። አክስቴ ማርና ዝንጅብል ታፈላልኝ ነበር፤ ኬንያውያን «ዳዋ» የሚሉትን የሎሚ፣ የማርና የዝንጅብል መጠጥም በየቀረጻው ቦታ እጠጣ ነበር። ዳዋ በስዋሂሊ መድኃኒት ማለት ነው። ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ የድምፅ አውታር ዘንድ ግን አይደርስም፤ የምንውጠው ነገር በሌላ በር ነው የሚያልፈው። ይህን የነገረችኝ ሐኪሟ ናት፤ ዘግይቶ።

ጳጉሜን 3 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እናቴ ጠዋት ደወለችልኝ። የሩፋኤል ዝናብ እየጣለ ልጆቹ ውጭ ወጥተው እየተጠመቁበት እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ዘንድ ሰማዩ ደረቅ ነበር። የወር አበባዬ መጥቶ ቁርጠቱ በርትቶብኝ ስለነበር ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን ገዝቼ ዋጥኩ። ያን ማታ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዘፈንኩ። እሁድ ጠዋት ድምፄ እኩለ ቀን ድረስ አልተከፈተም። ቁርጠቱ ስላልለቀቀኝ እሁድም፣ ሰኞ ጠዋትም ክኒኑን ወሰድኩ።

ይህን ዝርዝር የማነሳው አፍሬ እንድሸፋፍነው ስለማይገባ ነው። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። በወር አበባ ሰሞን ደግሞ የድምፅ አውታር ያብጣል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮቹም ይሳሳሉ። ቀደም ባለው ዘመን አንዳንድ የአውሮፓ ኦፔራ ቤቶች ሴት ዘፋኞቻቸው በእነዚያ ቀናት እንዲያርፉ ይፈቅዱ እንደነበር በኋላ አንብቤያለሁ። ለእኛ ይህን የሚነግረን የለም። ዘፋኝ እህቶቼ፣ ለቁርጠት የምትወስዱትን ክኒን ስም ለሐኪም ንገሩ፤ ድምፃችሁ ሥራችሁ እንደሆነም ጨምሩበት። ፓራሲታሞል ደም አያቀጥንም። እኔ ዛሬ የምወስደው እሱን ነው።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 5፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ቀረጻው እዚያው ላቪንግተን፣ ለሥራው በተከራዩት አንድ የድሮ ቤት ውስጥ ነበር። ማታ ደግሞ ኸርሊንግሃም አካባቢ በተያዘ አዳራሽ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዝግጅት ነበረኝ። የቀኑ ትዕይንት ጎረቤቲቱ ከቤት ልታባርራት በመጣችው አከራይ ላይ የምትጮህበት ነው። ሰባት ጊዜ ቀረጽነው። አንዴ መብራቱ አልተስተካከለም፣ አንዴ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ አንዴ እኔ ራሴ ቃል ሳትኩ። ሁልጊዜም በሙሉ ድምፄ ነው የጮህኩት፤ ለልምምድ መቆጠብ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

በሰባተኛው ላይ፣ በዓረፍተ ነገሩ መካከል፣ ድምፄ ተቋረጠ። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ የሚወጣው አየር ብቻ ነው።

አላመመኝም። ዋናው ነገር ይህ ነው። የተቀደደ፣ የተወጋ፣ የተቃጠለ ነገር አልተሰማኝም። ካመመኝ አቆም ነበር። ስላላመመኝ ውኃ ጠጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፣ «ዝግጁ ነኝ» ብዬ በእጄ አሳየሁ፣ ሁለት ጊዜ ደግመን ቀረጽን። ያ ሻካራ ትንፋሽ ለትዕይንቱ ተስማምቶት ስለነበር አዘጋጁ ወደደው። እሱን አልወቅስም፤ ምን እንደሆነ አላወቀም። እኔም አላወቅኩም። የደጋገምኩት ግን እኔ ነኝ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት አዳራሹ ደረስኩ። 200 ያህል ሰው ይጠበቃል፤ ወንበሮቹ እየተደረደሩ፣ ቄጤማው እየተጎዘጎዘ ነበር። በሹክሹክታ ነበር የምናገረው። ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ዝግጅቱን ያዘጋጁት ሰው መጡ፤ ሁኔታዬን ሲያዩ ደነገጡ። ወዲያው መላ አገኙ። የሚያውቁት ነርስ አለ፤ መጥቶ አንድ መርፌ ይወጋኛል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድምፄ ይመለሳል፣ ሌሎች ዘፋኞችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። በክፋት አልነበረም። ትኬት ሸጠዋል፣ ሰው ከሩቅ እየመጣ ነው። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ውጭ ወጡ።

ጋሼ በዚያው ክፍል ኪቦርዳቸውን እያዘጋጁ ነበር። ምንም አልተናገሩም። ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫኑና ያዙት፤ መካከለኛ፣ ማንም የሚያወጣው ድምፅ ነው።

«ይህቺን ስጪኝ» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ አየር መጣ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ፣ አንዱ ከሌላው በታች፣ ወዲያው ደግሞ ተቆረጠ። ጋሼ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ። ሌላ ቁልፍ ይጫናሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተጫኑም። እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ጀርባ ሰደው አጠፉት። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ከአሁን በኋላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ለእኔም እንዳትመልሺልኝ።»

አዘጋጁ ተመልሰው ነርሱ በመንገድ ላይ ነው አሉ። ጋሼ ትዘፍናለች ብለው እንዳይጠብቁ ነገሯቸው። ሁለቱ ተነጋገሩ፤ ስለ ትኬት፣ ስለ ሰው፣ ስለ ቃል። ጋሼ ድምፃቸውን አላነሱም። «ከእኔ ድርሻ ቁረጥ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ አባትሽ አይደለሁም፤ ልከለክልሽ አልችልም። ድምፁ ያንቺ ነው። ትዘፍኛለሽ ወይስ ትተዪዋለሽ? በእጅሽ አሳዪኝ።»

ያቺን ጊዜ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ አስቤያታለሁ። ምን እንደደረሰብኝ አላውቅም ነበር፤ ደም ይሁን እብጠት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ። ከአዳራሹ የሰዎች ሳቅ ይሰማኛል። ያን ማታ ብዘፍን የሚከፈለኝ ገንዘብ የሁለት ሳምንት ቀረጻ ያህላል። አንድም ነገር አላመመኝም። «ዛሬን ብቻ» የሚለው ቃል እውነተኛ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜም ዛሬ ብቻ ነው። ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ «ዛሬን ብቻ» ነበር። ከፊቴ ያለው ያ የጠፋ ቀይ መብራት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድምፅ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ሰምተውኝ መሣሪያቸውን አጠፉ። እኔ ምንም ባላውቅ እሳቸው አንድ ነገር ሰምተዋል።

ማይክሮፎኔን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ክዳኑን ዘጋሁ።

ጋሼ ወደ መድረክ ወጥተው እንደታመምኩና እንደማልዘፍን ለሕዝቡ ነገሩ። ማጉረምረም ተሰማ፤ ገንዘባቸውን የጠየቁም ነበሩ። ከዚያ ከፊት ወንበር አካባቢ አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመሩና አበባየሆሽን አወጡ፤ ሌሎች ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ልጆቹም ገቡበት። ጋሼ ኪቦርዱን ወደ መድረክ አስወስደው ከኋላ ተከተሏቸው። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አበባየሆሽ ሲዘፈን አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ነው። አክስቴ በታክሲ መጥታ ወሰደችኝ። ቤት ገብቼ በጨለማ ተጋድሜ ሳለ፣ ዳግመኛ አልዘፍን ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ለኬንያ ተራ ማክሰኞ ስለሆነ ሐኪም ማግኘት አላስቸገረም። ከአንገት በላይ ሐኪሟ ኬንያዊት ናት። የሆነውን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ እስከ ማንቁርቴ አወረደችው። ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ከዚያ የባሰ ነገር የለውም። በሐኪሞች ዘንድ ስትሮቦስኮፒ የሚባል ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን አለ። የሴት የድምፅ አውታር ስትናገር በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል፣ ከፍ ባለ ድምፅ ስትዘፍን ከ500 ጊዜ በላይ ይርገበገባል፤ ዓይን ሊከተለው አይችልም። ያ ብርሃን እንቅስቃሴውን ቀስ ያለ አስመስሎ ያሳያል።

ስክሪኑ ላይ አየሁት። ሁለት ነጫጭ ጥብጣቦች፣ ከጥፍሬ ርዝመት እምብዛም የማይበልጡ። ግራው ነጭ ነበር። ቀኙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነበር። አንዲት ቀጭን የደም ሥር ፈንድታ ደሙ ከስስ ሽፋኑ ሥር ተሰራጭቷል። ግራው እንደ ማዕበል ይወዛወዛል፤ ቀኙ ደርቆ ቆሟል።

«ፖሌ» አለችኝ ሐኪሟ፤ ኬንያውያን የሰው ሕመም ሲያዩ የሚሏት ቃል ናት። ቀጥላ ጠየቀችኝ፦ «ከዚህ በኋላ ዘፍነሻል?» ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልዘፈንኩም። ስለ መርፌው ጻፍኩላት። አንብባ ጥቂት ዝም አለች። እንዲህ ያለው መርፌ እብጠትን ስለሚቀንስ ድምፄ ሊወጣ ይችል እንደነበር ነገረችኝ፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ደም በቋጠረ አውታር ላይ ሰዓታት ቢዘፈን፣ ደሙ ሊጨምር፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ጠባሳ የያዘ አውታር እንደ ቀድሞው አይወዛወዝም፤ ጠባሳን ደግሞ ቀዶ ጥገና በቀላሉ አይመልሰውም። ደሙ ግን፣ ከተተወ፣ ራሱ ይመጠጣል።

መድኃኒቱ ዝምታ ነበር። 14 ቀን። መናገር የለም፣ ማንሾካሾክም የለም፤ ማንሾካሾክ እረፍት ነው የምንለው ስህተት ነው፣ አውታሩን በሌላ መንገድ ያስጨንቀዋል። ጉሮሮ መጠራረግ የለም። አይቡፕሮፌን የለም። ውኃ በብዛት፣ የፍል ውኃ እንፋሎት በቀን ሁለት ጊዜ።

ዝም ማለት ከጠበቅኩት በላይ ሥራ ነው። ደብተር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ላቪንግተንን በእግሬ ዞርኩ። የግቢያችን ዘበኛ በሦስተኛው ቀን ነገሩን ተረድቶ እሱም በምልክት ያናግረኝ ጀመር፤ መስማት የሚችል ሰው መሆኔን ረስቶ ሳይሆን፣ እንድመልስለት ላለማስገደድ ነው። የእናቴ ጉዳይ ከባድ ነበር። «ናይሮቢ» እና «ሐኪም» የሚሉት ቃላት ለእሷ አንድ ላይ ሲመጡ የሚያስታውሷት እዮብ መኮንንን ነው፤ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በድንገት ታሞ ለሕክምና ወደ ናይሮቢ መጥቶ እዚሁ ያረፈውን ዘፋኝ። «እንደ ቃል» የተባለው አልበሙ ከቤታችን አይጠፋም ነበር። አክስቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትይዝልኛለች፤ እናቴ ትናገራለች፤ እኔ በጥፍሬ ስልኩን አንዴ ስመታ «አዎ»፣ ሁለቴ ስመታ «አይ» ነበር። በየማታው «ልጄ፣ ያምሻል?» ትለኛለች። ሁለቴ እመታለሁ።

በስድስተኛው ቀን ከድራማው ሥራ መልእክት መጣ። ገጸ ባሕርይዋ ወደ አገሯ እንድትመለስ ተደርጎ ስክሪፕቱ ተቀይሯል። በሥራ መርሐ ግብር ሁለት ሳምንት የሚጠበቅ ተዋናይ ትልቅ ስም ያለው ነው፤ እኔ አልነበረኝም። አንብቤ ስልኩን ገለበጥኩት። የሚመልስ ድምፅ አለመኖሩ ያን ቀን ጠቀመኝ፤ የምጸጸትበት ቃል አልወጣኝም።

በእነዚያ ቀናት ስለ ድምፅ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አዴል በ2011 እ.ኤ.አ. በድምፅ አውታሯ ላይ ደም ፈስሶ ኮንሰርቶቿን ሰርዛ፣ በቦስተን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ በቀጣዩ የካቲት ወር ግራሚ መድረክ ላይ ቆማ ስድስት ሽልማት ወስዳለች። ጁሊ አንድሪውስ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ከተደረገላት ቀዶ ጥገና በኋላ የዘፋኝነት ድምፅዋ አልተመለሰላትም። ሁለቱንም ታሪክ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ማንበብ ልክ አልመሰለኝም።

ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት ሊጠይቁኝ መጡ፤ አክስቴ ቡና አፈላች። በወጣትነታቸው አብረውት ይሠሩ የነበረ አንድ ልጅ በዘጋ ድምፅ ሦስት ማታ በተከታታይ መዝፈኑን፣ እሳቸውም ከኋላው መጫወታቸውን አወሩልኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ደብተሬን አነሳሁ። ጋሼ ስኒያቸውን ወደ አክስቴ ዘረጉ፤ «ሁለተኛውን ስጪኝ» አሉ። ደብተሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

መስከረም 15 ሐኪሟ ዘንድ ተመለስኩ። ቀዩ ጠፍቷል። ቀኙ አውታር ቢጫማ ሆኖ፣ እንደሚሽር ብልዝ ነበር፤ ይወዛወዝ ጀምሯል። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ያበጠች የደም ሥር ቀርታለች፤ እሷን በየስድስት ወሩ ማየት ያስፈልጋል ተባልኩ። ቀዶ ጥገና አላስፈለገኝም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በኋላ የድምፅ ሕክምና ነበር፤ ሦስት ወር። የሕክምናው መሣሪያ ስትሮና ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ነው። ስትሮውን ውኃው ውስጥ አድርጎ «ኡ» እያሉ አረፋ ማውጣት፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ግፊት ከፊት በውኃው ስለሚያዝ ሁለቱ አውታሮች ሳይጋጩ በቀስታ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ቀን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ቃሌን እንድናገር የተፈቀደልኝ በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16 ነው። ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ» አልኳት። እናቴ ምንም አልመለሰችም፤ ከዚያ ስልኩን በጥፍሯ አንድ ጊዜ ስትመታው ሰማሁ።

ሁሉም አልተመለሰም። ከላይ ያሉት ሁለት ድምፆች የሉኝም። ዛሬም ከቀረጻ በፊት የጩኸት ትዕይንት ስንት ጊዜ እንደምንቀርጽ እጠይቃለሁ፤ ልምምዱን በግማሽ ድምፅ አደርጋለሁ፤ ለሦስተኛ ማታ በተከታታይ አልዘፍንም። ይህን በመናገሬ ያጣሁት ሥራ አለ። ማታቱ ውስጥ ስልክ አላነሳም። ድምፄ በድንገት ከተቋረጠ ደግሞ፣ ቢያመኝም ባያመኝም፣ ያን ጊዜውኑ አፌን ዘግቼ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።

ወደ መድረክ የተመለስኩት በ2011 ዓ.ም. ገና፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ላቪንግተን ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ 40 ያህል ሰው ፊት። አራት ዘፈን ብቻ ተስማምተናል። የመጀመሪያውን ዘፈንኩ፤ ድምፄ የት እንደሚሄድ እየተከተልኩት፣ ሳልገፋው። በሁለተኛው ላይ ድሮ ሁልጊዜ የምፈራት ከፍተኛ ቦታ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩና ገባሁባት። ሳልደክም አለፍኳት። ወደ ጋሼ ዞርኩ። ሳይነግሩኝ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ፣ ኪቦርዱን በአንድ ቶን ዝቅ አድርገውት ነበር። ዓይናቸውን ከቁልፎቹ ላይ አላነሱም።